አለቃዋን ዋስ ያስጠራችው ሾፌር

እቴቴ ስንዱን የቀበርናት ዕለት አንድ ሰውዬ መቃብሯ አጠገብ ቆሞ «ትሑት፣ ዝምተኛ፣ የመጣውን ሁሉ በትዕግሥት የምትቀበል እናት ነበረች» ሲል ሰማሁና ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ጎተትኩት። አጠገቤ የቆመው ሾፌር ባልደረባዋ ታከለም ትከሻው ይርገፈገፍ ነበር፤ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አላውቅም። ጠዋት የሞቷን ዜና ለሾፌሮቹ በስልክ የላከው እሱ ነው። በድምፅ መልእክት «እቴ ስንዱ...» ብሎ ጀምሮ መጨረስ ስላቃተው፣ ቀሪው የመንገድ ጫጫታ ብቻ ነበር። ሁላችንም ገባን።

ሰውዬውን አልተቀየምኩትም። የሩቅ ዘመድ ነው፤ በቅጡ አያውቃትም። ለሟች ደግ ደጉን ማንሳት ደግሞ ወግ ነው። ግን የስንዱ ደግ ደጉ ሌላ ነበር። ትዕግሥተኛ አልነበረችም። ዝምተኛም አልነበረችም። «የመጣውን ሁሉ የምትቀበል» የሚለውን ብትሰማ ኖሮማ ከተኛችበት ቀና ብላ «ማንን ነው የምትለው አንተ?» ትለው ነበር። በቀብር ላይ ሰው ማቋረጥ ነውር ስለሆነ ያን ዕለት ዝም አልኩ። ዛሬ ግን እኔ የማውቃትን ልጻፍ።

የማውቃት ከሥራ ነው። እስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ ውስጥ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር፣ አንድ የማመላለሻ ኩባንያ ቢሮ እሠራ ነበር። ኩባንያው ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ጠዋት በሚኒባስ ከየቤታቸው ሰብስቦ ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ከሰዓት ይመልሳል። ሾፌሮቹ አብዛኞቹ ከኢትዮጵያ የመጡ የኛው ሰዎች ናቸው። የኔ ሥራ ሰዓታቸውን መመዝገብና በወሩ መጨረሻ ትሉሽ የምንለውን የደመወዝ ወረቀት ማዘጋጀት ነበር። የኩባንያው ባለቤት አቪ አማርኛ ስለማይሰማ፣ ነገር ሲኖር መሀል ገብቼ የማስተረጉመውም እኔው ነበርኩ። ለማስተርጎሙ ማንም ከፍሎኝ አያውቅም።

ስንዱ ከሾፌሮቹ መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣን ጊዜ ገና አዲስ ሙሽራ ናት። የተቀበሉን ጸሐፊዎች «ስንዱ» የሚለው ስም አፋቸው ላይ አልመች ስላላቸው መታወቂያዋ ላይ «ሲማ» ብለው ጻፉላት። ብዙዎቻችን በተሰጠን ስም ኖርን፤ ልጆቻችንም በዚያው ጠሩን። እሷ ግን «ሲማ» ስትባል ዞር አትልም። ሥራ በጀመረች ሰሞን አቪ ግቢው ውስጥ «ሲማ! ሲማ!» እያለ ሲጮህ እሷ ፊት ለፊቱ ቆማ ጎማዋን ትመረምራለች። በመጨረሻ ሄጄ «እቴቴ፣ አንችን እኮ ነው» አልኳት።

«እኔን? እኔን እናቴ ስንዱ ብላ ነው ያጠባችኝ። ሲማን ካገኛት ሰላም ይበልልኝ በይው።»

እንዳለችው ተረጎምኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ አቪ እየተንተባተበም ቢሆን በስሟ ጠራት።

መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ልጆቿ ካደጉ በኋላ ነው። ፈታኙ ደጋግሞ ጣላት። «በመጨረሻ ያለፍሁት ስለነዳሁ አይምሰልሽ» ትለኝ ነበር፤ «ይችን ሴት ካላሳለፍኋት ጡረታ እስክወጣ ትመላለስብኛለች ብሎ ነው።» ውሸቷን ነው። እንደሷ የሚነዳ ሰው አላየሁም። የእያንዳንዱን ልጅ ቀበቶ በእጇ ነክታ ሳታረጋግጥ ሞተር አታስነሳም። ኢር ያሚም የሚባለው የሀብታም ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች ሥር ቆማ ልጅ ስታሳፍር፣ ውድ ውድ መኪና የያዙት ሰዎች ከኋላዋ ጡሩምባ ያስጮኻሉ። እሷ ክንዷን በመስኮት አውጥታ አምስቱን ጣቶቿን ሰብስባ ወደ ላይ ታሳያቸዋለች። እዚህ አገር «ቆይ፣ ታገሥ» ማለት ነው። እሷ ስታደርገው ግን ሌላም ሌላም ነገር ማለት ይመስል ነበር።

ትልቅ ጥቁር መነጽር ታደርጋለች፤ ከማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ካሉት ትንንሽ ሱቆች የተገዛ ነው። ስትናደድ አትጮህም። መነጽሩን ታወልቃለች፣ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ትከታለች፣ ከዚያ ትናገራለች። የሾፌሮቹ ወሬ ነበር፤ «እቴ ስንዱ መነጽሯ ወለቀ» ከተባለ ሰው ሁሉ ጉዳይ ትዝ ይለውና ከአካባቢው ገለል ይላል።

ደግሞ አንድ ልማድ ነበራት። ፊርማ የሚጠይቅ ነገር በመጣበት ቀን አትፈርምም። «ይደርበት» ትላለች። የስልክ ኩባንያ ሻጭ ሰፈሯ ዶራ ድረስ ቤቷ መጥቶ፣ በያዘው ሰሌዳ ላይ በጣቷ እንድትፈርም ቢለምናት «ጣቴ ዛሬ አይፈርምም» ብላ በሻይ ሸኝታዋለች። ልጁ በማግሥቱ ሲመለስ «ጣቴን ጠየቅሁት፤ አልወደደም» አለችው። ይህን ስትነግረኝ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ቀልድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ካርቶን ሙሉ ቡሬካስ የሚሉት እንደ ሳምቡሳ ያለ መክሰስና ለስላሳ ተደርድሮ አየሁ። አቪ ለሾፌሮቹ ውሃ እንኳ ጋብዞ አያውቅም። ስንዱ ከሚኒባሷ ወርዳ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አየችና፣ «ዝናሽ፣ ዛሬ ማን ሊታረድ ነው?» አለችኝ።

አቪን ክፉ ሰው ነበር አልልም። ክፉ ሰው ይሻላል፤ ቶሎ ይታወቃል። አቪ ትከሻ የሚመታ፣ ስለ ልጆችህ የሚጠይቅ፣ እየሳቀ የሚያስፈርም ሰው ነው። ሁሉም በእጁ ቡሬካስ ሲይዝ ተናገረ።

«ከመጪው ወር ጀምሮ እናንተ የራሳችሁ ድርጅት ባለቤቶች ናችሁ። ያው ሚኒባስ፣ ያው መንገድ፣ ያው ልጆች። ትሉሽ የሚባል ቀረ። በወሩ መጨረሻ የሠራችሁበትን ደረሰኝ ትሰጡኛላችሁ፣ እኔ ሙሉውን እከፍላችኋለሁ። ምንም ሳይቆረጥ! ከግብር መሥሪያ ቤት ፋይል የሚያስከፍትላችሁን የሂሳብ ሰውም በኔ ወጪ አመጣለሁ።»

እንዲህ ያለውን ሰው እዚህ አገር «አጽማይ» ይሉታል፤ ተቀጣሪ ያልሆነ፣ ለራሱ የሚሠራ ማለት ነው። ለኛ ሰዎች ነገሩ ልብ ይነካል። ዕድሜ ልኩን «ና፣ ሂድ» ሲባል የኖረ ሰው አንድ ቀን «ባለቤት ነህ» ሲሉት ጀርባው ቀጥ ይላል። ታከለ እዚያው ቆሞ ደረቱ ተነፋ። «ታከለ ማመላለሻ» ብሎ ስም እስከማውጣት ደርሶ ነበር።

አቪ ያለውን ተርጉሜ ጨረስኩ፤ ግን አላቆምኩም። «ይህ እሱ ያለው ነው፤ አሁን ደግሞ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ» ብዬ ቀጠልኩ። እስከ ዛሬ የገቢ ግብራችሁም፣ ለመንግሥቱ መድን ድርጅት ለቢቱአህ ሌኡሚ የምትከፍሉትም ከደመወዛችሁ እየተቆረጠ የምልከው እኔ ነኝ። አቪም በበኩሉ ከኪሱ ይጨምራል። ለጡረታችሁም ይጨምራል። ስትታመሙ፣ ዕረፍት ስትወጡ፣ ሥራ ሲያሰናብታችሁ የሚከፍለው እሱ ነው። አጽማይ ስትሆኑ ገንዘቡ ወፍሮ ይገባላችኋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ግብሩን የምታሳውቁ እናንተ፣ ከዓመቱ በፊት በየጊዜው እየቀደማችሁ የምትከፍሉ እናንተ፣ ቢቱአህ ሌኡሚን ያለ አጋዥ የምትሸከሙ እናንተ፣ ጡረታውንም ከዚያው ቆንጥራችሁ የምታስቀምጡ እናንተ ናችሁ። ሥራው ቢቆም የስንብት ክፍያ የለም፤ የሥራ አጥ ድጎማም የለም። አጽማይ መሆን የሚያዋጣው ወጪ ላለው ሰው ነው። ባለሱቅ የሱቁን ኪራይ፣ አናጢ መጋዙን ከገቢው ላይ ይቀንስና ግብሩ ይቀልለታል። እናንተ ምን ትቀንሳላችሁ? ሚኒባሱ የአቪ፣ ነዳጁ የአቪ። አሁን የምትበሉት ቡሬካስ እንኳ የአቪ ነው።

አቪ ጠረጠረ። «እኔ ሁለት ነገር ነው የተናገርኩት፤ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለኝ በዕብራይስጥ።

«አማርኛ ረጅም ቋንቋ ነው» አልኩት።

ሾፌሮቹ ግማሹን ሰሙ፣ ግማሹን አልሰሙም። «ምንም ሳይቆረጥ» የሚለው ነገር ጆሯቸውን ይዞት ነበር። ታከለ እንዲያውም ቅር አለው። «ዝናሽ፣ አንች ደግሞ ጨለማ ጨለማውን ነው የምታይው» አለኝ።

ያኔ ስንዱ መነጽሯን አወለቀች።

«ታከለ፣ ሚኒባሱ የማን ነው?»

«ያቪ።»

«በየት በኩል እንድትሄድ የሚነግርህስ?»

«አቪ።»

«ለሌላ ሰው ልሥራ ብትል ጊዜ ይተርፍሃል?»

«ከየት ይተርፈኛል፣ እቴ።»

«ግብሩስ የማን ነው?»

ታከለ ቡሬካሱን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«አባቴም እኮ አጽማይ ነበር፤ ወገራ» አለች። «መሬቱ የሰው፣ በሬው የራሱ፣ ዘሩ የራሱ፣ ጉልበቱ የራሱ። ለቤተ እስራኤል ርስት አይሰጥም ነበር፤ ታውቁታላችሁ። አዝመራው ሲያምር የባለርስቱ ድርሻ ካውድማው ቀድሞ ይነሣል። አንበጣ ሲበላው ግን አንበጣው ያባቴ ብቻ ነበር። ጢሰኛ ነበር የምንባል። እዚህ ስሙን አሳምረው ነው ያመጡልን።»

ከሾፌሮቹ መካከል በዕድሜ ገፋ ያሉት ወደ መሬት አዩ። ያን ዘመን የሚያስታውሱ ነበሩባቸው። እኔ ልጅ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ጢሰኛ የሚለውን ቃል የማውቀው ከአባቴ ወሬ ነው። ያን ጠዋት ግን ፊታቸውን አይቼ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

አቪ የነገሩ አካሄድ ስላላማረው እስክሪብቶዎቹን ማደል ጀመረ። ለስንዱም ሰጣት። ተቀበለችው።

«እሽ» አለች። «ዋስ ይጥራ፤ ከዚያ እንፈርማለን።»

ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በኛ አገር ያለ ዋስ ውል የለም። በሬ ሲሸጥ ዋስ አለ፤ ልጅ ሲታጭ ዋስ አለ፤ ደም ሲታረቅ ዋስ አለ። ተዋዋዩ ቃሉን ቢያጥፍ ተይዞ የሚጠየቀው፣ ከኪሱም የሚከፍለው ዋሱ ነው። ስለዚህ በሰው ፊት አንድ ሰው «ዋስ ጥራ» ካለ፣ ዋሱ ሳይመጣ ውሉን የሚነካ የለም፤ ቢነካ እንደ ሞኝ ይቆጠራል። ስንዱ ያን ስትል ሾፌሮቹ አንድ በአንድ እስክሪብቶአቸውን ቡሬካሱ ካርቶን ላይ አስቀመጡ። ታከለም ጭምር።

«ምን አለች?» አለ አቪ።

«ዋስ ትፈልጋለች።»

«ምን፣ ከባንክ ልትበደር ነው?»

«ዋሱ ለሷ አይደለም። ላንተ ነው።»

ሳቀ። የተቀመጡትን እስክሪብቶዎች ሲያይ ግን ሳቁ ቆመ። ወሩ ሊያልቅ ነው፤ የሂሳብ ሰውየውም ተቀጥሯል። «ማንን ነው የምታከብሩት?» ብሎ ጠየቀ። አባ ወርቁን አሉት።

አባ ወርቁ ዶራ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተካካደ ወንድማማች እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄድ። አቪ አንድ ካርቶን ተምር ይዞ ቤታቸው ሄደና በጎረቤት አስተርጓሚነት «መጥተው ዋስ ይሁኑኝ» አላቸው። ዋስ ማለት እንደ ምርቃት ያለ፣ ሽማግሌ ፊት ወንበር ይዞ፣ ራስ ነቅንቆ የሚያልፍ ነገር መስሎታል። ትልቁ ስህተቱ ይህ ነበር። እሳቸውም «ነገሩን ልስማው» ብለው መጡ።

ሚኒባሶቹ ጥላ ሥር ወንበር አወጣንላቸው። ሾፌሮቹ ዙሪያውን ቆሙ። አባ ወርቁ ዱላቸውን ጉልበታቸው መካከል ተክለው ጀመሩ።

«ዋስ የጠየቀ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ» አለች ስንዱ።

«ዋስ የሚጠራውስ?»

ወደ አቪ ጠቆምኩ።

«ምን ቃል እንደሚገባ ጠይቂልኝ፣ ልጄ።»

አቪ ፈገግ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ንገሪያቸው፤ ይሂዬ በሴደር።»

«ይችንስ አትተርጉሚልኝ» አሉ አባ ወርቁ። «ሁሉም ደህና ይሆናል ነው የሚለኝ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ስሰማት ነው። ይልቅስ ጠይቂው። ይሄ ታከለ ታሞ ቢተኛ የሚያበላው ማነው?»

ጠየቅኩ። «ራሱ መድን ይግዛ» አለ አቪ።

«ሥራው ነገ ቢቆምበትስ?»

«ንግድ ነው። ንግድ ላይ ያጋጥማል።»

«ግብር ሰብሳቢ ቢመጣበት?»

«እሱ ነዋ የሚጠየቀው! ባለቤቱ እሱ ነው።»

አባ ወርቁ ወደ አቪ ሳይሆን ወደ ሾፌሮቹ ዞሩ። «እንግዲያ እኔ የምዋሰው ምኑን ነው?» አሉ። «ሰውየው ምንም ቃል አልገባም። ቢታጠፍ የሚያስጠይቅ ነገር የለበትም። ምንም ላልገባ ሰው ዋስ ሲኮን እኔ አላየሁም።» ተነሡ። ለካ ተምሩን በፌስታል ይዘውት መጥተዋል፤ ወንበሩ ላይ አስቀምጠውለት ሄዱ።

እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። አቪ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ «ከመጪው ወር ትሉሽ የለም፤ ደረሰኝ ያለው ይሠራል፣ የሌለው ቤቱ ይቀመጥ» የሚል መልእክት ላከ። አባ ወርቁ ትክክል ናቸው፤ ግን የቤት ኪራይ አይከፍሉም። ሾፌሮቹ በየተራ አንገታቸውን ደፍተው ቢሮ እየገቡ ፈረሙ። ማንም ማንንም አላየም። አልፈርድባቸውም፤ ያናደደኝ አቪ እያንዳንዱን «መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለህ» እያለ እጁን መጨበጡ ነው።

ስንዱ በመጨረሻ ገባች። ወንበር ሳትስብ ቆማ ተናገረች፤ ዕብራይስጧ ለዚያ ይበቃል፣ ግን እኔ እንድተረጉም ፈለገች፤ ምስክር እንድሆን መሰለኝ።

«ልታባርረኝ ትችላለህ በይው። በጽሑፍ ያባርረኝ፣ የስንብት ክፍያዬን ይስጠኝ፣ ቁልፉን አስረክቤ እሄዳለሁ። በራሴ ግን አልሄድም። እስኪያባርረኝ ድረስ ተቀጣሪው ነኝ፤ ትሉሼን ያውጣ።»

አቪ አላባረራትም። ብዙ ዓመት ስለሠራች ስንብቷ ያማል። በራሷ እንድትለቅ ሊያስመርራት ፈለገ። አሮጌውን ሚኒባስ ሰጣት፤ ማቀዝቀዣው የማይሠራውን። መንገዱንም ረጅሙን። በሐምሌ ሙቀት። እሷ ሦስት ቀን ነዳችው። በአራተኛው ቀን ኢር ያሚም ልጇን ልታስረክባት የወረደችውን እናት «ግቢ፣ ልጅሽ የምትቀመጥበት ላይ ተቀመጭ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ» ብላ በሩን ዘጋችባት። ሴትዮዋ በላብ ተጠምቃ ወጣችና እዚያው ቆማ ስልኳን አነሣች። ከሰዓት በፊት ሌሎቹም ወላጆች ደወሉ። በማግሥቱ ማቀዝቀዣው ተሠራ። አቪ ለሾፌር አይሰማም፤ ለኢር ያሚም እናቶች ግን ይሰማል። ስንዱ ይህን ታውቃለች።

የፈረሙት ሾፌሮች መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር። ሂሳባቸው ውስጥ የሚገባው ወፍሯል። ታከለ ለቤቱ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛ፤ እኔንም ጠርቶ አሳየኝ። ለግብር ተብሎ የሚቀመጥ ነገር መኖሩን ነግሬው ነበር፤ ግን በወር በወር ሲቆረጥለት የኖረ ሰው፣ እጁ የገባውን ገንዘብ «ይህ ያንተ አይደለም» ብሎ ለራሱ መንገር ከባድ ነው። ቢቱአህ ሌኡሚም ግብር መሥሪያ ቤቱም መጻፍ ጀመሩ። ደብዳቤዎቹን ይዞልኝ ይመጣ ነበር፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው የባሰ።

በዚህ መሀል ጀርባው ተያዘ። አንድ ጠዋት ከአልጋ መነሣት አቃተው። ለአቪ ደወለ፤ አቪም «ጤና ይስጥህ» አለውና በዚያው ጠዋት ሌላ ሰው ሚኒባሱ ላይ አስቀመጠ። የሕመም ቀን የሚባል የለም፤ ለማን ያመልክት? አለቃው ራሱ ነው። ታከለ እንዲያ ተጋድሞ ሳየው ያለቀስኩት ከሐዘን አልነበረም፤ ከንዴት ነው።

ስንዱ «ብዬህ ነበር» አላለችውም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይል ነበር። ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «በል ተነሥ፤ ልብስህን ልበስ። ደግፈን እንወስድሃለን» አለችው።

«ወዴት፣ እቴ?»

«ጠበቃ ዘንድ ነዋ። ልትሞት ነው እንዴ እዚህ ተጋድመህ?»

ጠበቃዋ እዚሁ የተወለደች የኛው ልጅ ናት፤ አማርኛዋ መንገድ ላይ ይጠፋባታል። ሁሉንም ሰምታ እጇን አነሣች። «ሬጋ፣ ቆይ፣ እቴቴ። ፍርድ ቤቱ ወረቀቱን ብቻ አያይም። ሥራውን ነው የሚያይ። አለቃው ያው፣ መኪናው ያው፣ ሰዓቱም ያው ከሆነ፣ ወረቀቱ አጽማይ ቢል... ሎ ሜሻኔ፣ ለውጥ የለውም። ግን ማሳየት አለብን። ትሉሽ ያለው ሰው ያንኑ ሥራ ሲሠራ ብናሳይ ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቀርቷል?»

«እኔ አለሁ» አለች ስንዱ።

የታከለ ክስ ሲገባ ሌሎቹም አብረው ከሰሱ። አቪ ያን ጊዜ ነው የስንዱ ዋጋ የገባው። ቢሮ ጠርቶ ወንበር ሰጣት፣ ቡናም አስመጣ። «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብላ ብትፈርምለት ሙሉ ስንብቷን፣ በላዩም ጠቀም ያለ ጭማሪ እንደሚሰጣት ነገራት። ያን ጊዜ ታማለች፤ እኔም አቪም አውቀናል። ሐኪሞቹ ነግረዋታል። ገንዘቡን ይዛ ቤቷ ብታርፍ የሚወቅሳት አንድም ሰው አልነበረም።

«ይደርበት» አለች። በማግሥቱ ጠዋት የሚኒባሷን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ በቢሮዬ መስኮት ብቅ ብላ፣ «አደረበት። አይሆንም በይው» አለችኝ።

ሆስፒታል ስትገባ ለዓመታት ያልነካቻቸው የሕመም ቀኖች ነበሯት። የወሩን ትሉሽ ወስጄላት ስትቀበለኝ እንደ ልጅ ፎቶ ለነርሶቹ ሁሉ አዞረችው። «አየሽ፣ ተኝቼ ይከፈለኛል» ትላለች። ነርሶቹ ምኑ እንዳስደሰታት አልገባቸውም። እኔ ግን ገብቶኛል፤ ትሉሹን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያን ወር እንዳወጣሁት በደስታ ያወጣሁት የለም።

ፍርዱ የወጣው ካረፈች በኋላ ነው። ሾፌሮቹ ከመጀመሪያውም ተቀጣሪዎች ነበሩ ተባለ። የአቪ ጠበቃ ከዚህም ከዚያም ቀንሶ ክፍያውን አሳነሰው፤ ቢሆንም ትሉሽ ተመለሰ፣ ጡረታም ተመለሰ፣ ታከለም ዕዳውን የሚዘጋበት አገኘ። እኔንም አቪ አሰናበተኝ። በጽሑፍ፣ ስንብቴን ከፍሎ። በራሴ እንድለቅለት ፈልጎ ነበር፤ ከማን ጋር እንደሠራሁ ረስቶት ነው።

ለኔ ነገሩ የተቆረጠው ግን እሷ በመሰከረችበት ዕለት ነው። ከሆስፒታል ወጥታ፣ በኔና በልጇ ትከሻ ተደግፋ ነበር የመጣችው። ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ አቁሞላት ነበር፤ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሑት ልጅ። የአቪ ጠበቃ፣ ሾፌሮቹ ነጻ ነጋዴዎች ናቸው፣ የሷ ሥራ ሌላ የእነሱም ሌላ ነው ብሎ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ዳኛዋ ሴት ናት። ሰማችውና ወደ ስንዱ ዞረች።

«የምትነጂው ከእነሱ የተለየ መኪና ነበር?»

«ያው ነው። እንዲያውም አሮጌው።»

«ሰዓትሽ ይለይ ነበር?»

«ያው ነው።»

«ትእዛዝ የሚሰጥሽ ሌላ ሰው ነበር?»

«ያው አቪ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ተቀጣሪ ሆነሽ እነሱ ነጋዴ የሆኑት በምን ተለያይታችሁ ነው?»

ስንዱ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አለች። «እነሱ እሽ አሉ፤ እኔ እምቢ አልሁ። ሌላ ልዩነት የለንም።»

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ባማረ ዕብራይስጥ «ምስክሯ በቀረበላት ሐሳብ አልተስማማችም» አለ።

«ቆይ አንተ ልጅ» አለችው። «አልተስማማሁም አላልሁም። አልተስማማሁም የሚል ሰው ነገ ሊስማማ ይችላል። እምቢ ነው ያልሁ። እንዳልሁት ንገራት።»